ደለስ አጠገብ የሰማሁት ክርክር

ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ጎን፣ ቻንቲሊ ውስጥ፣ አንድ ግዙፍ የአውሮፕላን ሙዚየም አለ። መግቢያው ነጻ ነው፤ መኪና ለማቆም ግን 15 ዶላር ይከፈላል። አሜሪካ ነጻ የምትለው ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ መክፈያ አለው። ለዓመታት መንገደኛ ለመቀበል ስመላለስ በአጠገቡ አልፋለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ባለፈው የአዲስ አበባው በረራ ሲዘገይ 15 ዶላሬን ከፍዬ ገባሁ።

ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተያይዘዋል። አንዱ የሙዚየሙ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ነው፤ ሌላው በአነጋገሩ እንግሊዛዊ የሚመስል ጎብኚ። ጉዳዩ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሁሉ የበለጠ የሠራው የትኛው አውሮፕላን ነው? አሜሪካዊው አስጎብኚ «ሙስታንግ» አለ፤ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ተጨማሪ የነዳጅ ጋን ተሸክሞ ከእንግሊዝ በርሊን ደርሶ የሚመለሰው ሙስታንግ በ1944 ባይደርስላቸው ኖሮ ቦምብ ጣዮቹ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። እንግሊዛዊው ራሱን ነቀነቀ። «በ1940 ሃሪኬን ባይኖር፣ የእናንተ ሙስታንግ የሚነሣበት ደሴት ከየት ይመጣ ነበር?» ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊ ስፒትፋየር ስሙን ወሰደ እንጂ በዚያ ዓመት በብሪታንያ ሰማይ ብዙውን የጀርመን አውሮፕላን የጣለው ሃሪኬን ነው ባይ ነው። ከኋላቸው የቆመ ወጣት ደግሞ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ገባ፤ ሶቪየቶች ከ36 ሺህ በላይ የሠሩት የምድር አጥቂው ኢል-2 እያለ በምን ትጨቃጨቃላችሁ አለ።

ስሰማቸው አያቶቻችን የመኳንንቱን የፈረስ ስም ሲጠሩ ትዝ አለኝ፤ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ። እዚህም ያው ነው፤ የሞተሩን ጉልበት፣ የመትረየሱን ቁጥር፣ የአብራሪውን ቅጽል ስም፣ አንድ አያስቀሩም። ልዩነቱ፣ እኛ ፈረሱ ሲሞት ስሙን ለጌታው ትተን እንቀብረዋለን፤ እነሱ ፈረሱን ራሱን ወልውለው ጣሪያ ላይ ይሰቅሉታል።

«አንተስ?» አለኝ አስጎብኚው።

ሲ-47 አልኩ። ሳቁብኝ። እሷማ ጭነት ተሸካሚ ናት፤ አንዲት መትረየስ እንኳ የላትም። ጄኔራል አይዘንሃወር ግን ከጦርነቱ በኋላ ለድል ያበቁትን ሲቆጥር የጠራው ቡልዶዘርን፣ ጂፕን፣ ሁለት ተኩል ቶን የሚጭነውን ካሚዮን እና እሷን ነው። ይህን ስል አሜሪካዊው ሳቁን ዋጠ። የእኔ ምክንያት ግን አይዘንሃወር እንዳልሆነ አልነገርኩትም።

የእነሱ ጦርነት በ1939 ወይም በ1941 ይጀምራል። የአያቴ ጦርነት የጀመረው ደሴ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1928። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የአሜሪካ ሚሲዮናውያኑን ሆስፒታል እንኳ አልማሩም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። አያቴ ትንሽ ልጅ ነበረች። ካፕሮኒ ይሁን ሳቮያ አታውቅም፤ «ያ ብረት» ብቻ ነበር የምትለው። በየግንባሩ ያ ብረት የመርዝ ጋዝ ረጨ። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ሲናገሩ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው እንደሚያልፉና የሚረጩት ጉም እንደ አንድ ሸማ እንደሚገጥም አስረድተዋል። ዝርያውን እሳቸውም አልዘረዘሩም። ከታች ላለ ሰው ቁም ነገሩ ስንት ሆነው እንደመጡ ነው።

ከክርክሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ኢኖላ ጌይ ቆማለች፤ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለችው። እንደ አዲስ ብረት ድስት ታበራለች። ስሟ የአብራሪው እናት ስም ነው። ሙዚየሙ በ2003 ሲከፈት ከሂሮሺማ የተረፉ ሽማግሌዎች እዚህ ድረስ መጥተው፣ ከጎኗ ያለው ጽሑፍ ስለሞቱት ሰዎች ምንም አይልም ብለው ተቃውመው ነበር። ሁለቱ ተከራካሪዎች ግን ከእሷ ይልቅ በሙስታንግና በሃሪኬን ነበር የሚሟገቱት።

የእኔዋ መልስ የመጣችው ከጦርነቱ ማግስት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ 5 የአሜሪካ ሲ-47ዎች ነው፤ መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ካይሮ በረሩ። ውስጣቸው ገና የወታደር ነበር። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ በተዘረጋ የሚታጠፍ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይተያያል፤ መሀሉ የጭነት ነው። መንገድ ያልደረሰባቸው ጎሬን የመሰሉ አገሮች ሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ቡናና ቆዳ አወጡ። ደሴ ላይ ሰማይ ሲያጉረመርም ዋሻ የገባችው ልጅ ካደገች በኋላ አንድ ቀን በእሷው ተሳፍራ «ብረቱ ተገራ» አለች ይባላል። ማጋነን ሊኖርበት ይችላል፤ አያቴ ወግ ታሳምራለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የዲሲ-3 መካኒክ ነበሩ፤ ዲሲ-3 የሲ-47 ሲቪል እህት ናት። ቻንቲሊ ያለው አስጎብኚ የሚያውቀውን የሚነግረው በየቀኑ አዲስ ሰው ያገኛል፤ ጋሼን ግን የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ምን እንደሠሩ ጠይቀዋቸው አያውቁም። እኔም ብሆን ጎረቤታቸው ሆኜ ስድስት ዓመት አልጠየቅኋቸውም። በማግስቱ እሑድ ዲሲ መሀል ከተማ ወዳለው ሙዚየም ወሰድኳቸው። እዚያ አንዲት ዲሲ-3 ጣሪያ ላይ ተንጠልጥላለች። ከዘራቸውን ተደግፈው ከሥሯ ቆሙ፤ ቀና ብለው ሁለቱን ሞተሮች አዩ፣ ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ፣ እንደገና ቀና አሉ።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዘይት አታንጠባጥብም» አሉ። «ይቺ ከሞተች ቆይታለች።»