ፔስትን በአማካይ አትመዝኗት

ሃንጋሪ ከዋና ከተማዋ ከቡዳፔስት ሌላ 19 ካውንቲዎች አሏት። ከነሱ ብዙ ሕዝብ የሚኖርባት ፔስት ናት። ቡዳፔስትን ዙሪያዋን ከብባታለች፤ 187 ከተሞችና መንደሮችን ትይዛለች። የራሷ ዋና ከተማ ግን የላትም። መቀመጫዋ ቡዳፔስት ነው፤ ቡዳፔስት ደግሞ በአስተዳደር የፔስት አካል አይደለችም።

የአውሮፓ ኅብረት የልማት ገንዘብ ሲያከፋፍል የየክልሉን የነፍስ ወከፍ ምርት ያያል። ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ ያልደረሰ ክልል ከፍተኛውን ድጋፍ ያገኛል። ፔስትና ቡዳፔስት ለዓመታት እንደ አንድ ክልል ይቆጠሩ ነበር። የቡዳፔስት ሀብት ቁጥሩን ሰቀለው፤ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለችው የፔስት ከተማ ሶብም አብራ ሀብታም ተባለች። ይሄ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱ ሲለያዩ ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ግን ዘግይቷል።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ብዙ የፔስት ነዋሪ ጠዋት ተነስቶ ቡዳፔስት ይሠራል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። የሠራው ምርት የሚመዘገበው ለቡዳፔስት ነው። ስለዚህ ከተማዋን ተጠግታ ያለችው ቡዳኬሲ፣ ጥሩ ደመወዝተኛ የሞላባት ሆና ሳለ፣ በወረቀት ላይ ከደሃዋ ካውንቲ ጋር ትደመራለች። ሶብና በምሥራቅ ያለችው ናጅካታ ከሷ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም።

መልክዓ ምድሩም አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን 938 ሜትር የሚደርስ ተራራ አለ፤ በደቡብ ምሥራቅ እነ ትሴግሌድ ያሉበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ዳኑብ መሐል ለመሐል ያልፋል። ከቡዳፔስት ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ኤስተርጎም ከተማ ድረስ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግር ድልድይ የለም። ወንዙ ዳር ያለችው ቪሼግራድ ባቡር አይገባባትም፤ ባቡሩ ከወንዙ ማዶ ናጅማሮሽ ላይ ነው። ባቡር የፈለገ የቪሼግራድ ሰው በጀልባ ይሻገራል። ቡዳኬሲ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

እንደኔ ከሆነ መፍትሔው ወረዳ ላይ ነው። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረዳዎችን እንደገና አቋቁማለች፤ ፔስት ብቻ 18 አሏት። ቢሮው አለ፣ ሠራተኛው አለ። ገንዘቡ ካውንቲው ከደረሰ በኋላ በየወረዳው ገቢ፣ መንገድና የሕዝብ ማመላለሻ ይመዘን። ሶብ ትቅደም፣ ናጅካታ ትከተል። ቡዳኬሲ ብትጠብቅ አትጎዳም።