እስኪ ከሥዕሉ ፊት ዞር በሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ ስለምቆጣ ገና ከጅምሩ "አንተ ደግሞ ማነህ?" እንዳትሉኝ።

ክረምቱ እንደወጣ ዘጌ ተሻገርኩ። ጣና ሐይቅ ከተረጋጋ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ከገዳማቱ በአንዱ የማውቃቸው አባት አሉ። ተሳልሜ ወጥቼ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ እምቦጩ ስናወራ ቆየንና ድንገት እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ያን ጊዜ በስልክህ ስታነሳው የነበረው የግድግዳው ሥዕል አለህ? ክረምቱን ቆርቆሮው አፍስሶ ከጥጉ በኩል ጨርቁ ተላጠ። ሠዓሊ ቢመጣ ምን እንደነበረበት የምናሳየው የለንም።"

"አለኝ እንጂ አባ!" ብዬ ስልኬን መዠረጥ አደረግኩት። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው የተመላለስኩት! 63 ፎቶ ነው ያለኝ። መግለጥ ጀመርኩ። እኔ። እኔና ጓደኛዬ። እኔ መነጽር አድርጌ፣ እኔ መነጽር አውልቄ፣ እኔ ሳላውቅ የተነሳሁ መስዬ ወደ ጣሪያው ሳይ። ግድግዳው ከኋላዬ ደብዝዞ ቀለም የፈሰሰበት ጨርቅ መስሏል፣ ምክንያቱም ስልኩ ፊቴን አጥርቶ ሌላውን እንዲያደበዝዝ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ የመልአክ እግር ይታያል። አባ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና "እግሩስ አለ" አሉ። ይቀልዱብኝ ይሁን ያጽናኑኝ እስካሁን አልገባኝም።

እናንተም አሁን ስልካችሁን ክፈቱና ቁጠሩ። ላሊበላ ሄዳችኋል፣ ጎንደር ሄዳችኋል፣ ጣና ላይ ስንት ጊዜ ተንሸራሽራችኋል። የናንተ ትከሻ ያልሸፈነው አንድ ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የበር ጉበን አላችሁ? እኔ ያፈርኩት ይበቃል፣ እናንተ ቀድማችሁ እወቁ።

ናርጋ ሥላሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እዚያ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሳለችበትን ሥዕል ስታዩ ከእግሯ ሥር፣ ታች፣ አንዲት ሴት በደረቷ ተደፍታ ተዘርግታለች። እቴጌይቱ ናቸው። እስቲ አስቡት፣ አገር ያስተዳደሩ ሴት፣ ቤቱን በገዛ ሀብታቸው ያሠሩ ሴት፣ ግድግዳው ላይ ቦታ ሲመርጡ የመረጡት ከእግር ሥር ነው። እኛ ደግሞ የመግቢያ ትኬት ቆርጠን እንገባና ግድግዳውን በሙሉ በጀርባችን እንጋርደዋለን። የከፈልነው እኮ ለመግቢያ ነው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በሥዕላችን ባህል ቅዱሳን ሲሳሉ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉ ሰው፣ አሳሪ፣ ገራፊ፣ ጋኔን ግን ብዙ ጊዜ ፊቱ ወደ ጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ የካሜራ ዓይን አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ ሲያልፍ ሳይ ሳቄ ይመጣል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ላይ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ እኛ በአንድ ዓይን። በላዔ ሰብዕ እንኳ፣ ያ ሰው በላ፣ በእፍኝ ውሃ የተማረው፣ እኛን ቢያይ ምን ይል ይሆን? ብቻ ይቅር።

አሁን ወደ ቁጣው። የጣና ገዳማት የግድግዳ ሥዕል በብዛት ጨርቅ ላይ ተስሎ በጭቃና በእንጨት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ጨርቁ ከግድግዳው ትንሽ ካበጠ አለቀለት፣ በጣት ቢነካ ይሰነጠቃል። እናንተ ደግሞ በጣት አትነኩም፣ ትደገፉታላችሁ! "እንደዚህ ዘንበል ልበል?" እያላችሁ። እጃችሁ ላይ ላብ አለ፣ ቅባት አለ፣ የጸሐይ መከላከያ ክሬም አለ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ቦርሳ ነው፤ ባለቤቱ ለፎቶ ሲዞር ቦርሳው ግድግዳውን ይፍቃል፣ ባለቤቱ ግን ምንም አልሰማም። ቦርሳችሁን ከጫማችሁ ጋር ደጅ ተዉት፣ ወይም ከፊት ያዙት። ይሄ ምን ይከብዳል?

ስለ ፍላሽም እንነጋገር። አንድ ብልጭታ ሥዕሉን ያጠፋዋል ብዬ አላስፈራራችሁም፣ ምን ያህል ይጎዳል በሚለው ላይ ባለሙያዎችም ይከራከራሉ። ግን ብርሃን ቀለም እንደሚበላ ለማወቅ ቤታችሁ ያለውን መጋረጃ በመስኮት በኩል ማየት ነው፣ የሄደው ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ደግሞስ ፍላሽ ምን ይጠቅማችኋል? ሥዕሉ መሐል ላይ ነጭ ነጸብራቅ ተክሎ ፎቶውን ያበላሸዋል። ክብ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተሠራ እዩ እስኪ። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ ይዞራል፣ መሐል ላይ ባለ አራት ማዕዘኑ መቅደስ አለ፣ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ትልልቆቹን የውጭ በሮች አባቶች ሲከፍቷቸው የቀኑ ብርሃን ለስልሶ ይገባል። ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በምዕራብ። "አባ፣ ያኛውን በር ይከፍቱልን?" ማለት ነው። እኔ ጠይቄ እምቢ ያሉኝ የሉም። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጥብቁ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ አንሱ።

የምታነሱትንም እወቁ። መጀመሪያ ሙሉውን ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ፣ ከዚያ ክፍሉን፣ ከዚያ ዝርዝሩን፣ ጽሑፍ ካለ ጽሑፉን። የተጎዳውንም አንሱ፣ ያስፈለገው እሱ ነው። ከዚያ ቀኑንና የቦታውን ስም ጽፋችሁ ከስልክ ውጭ አስቀምጡት፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ሐይቅ ውስጥም ይገባል (የኔ አንዱ እዚያው ጣና ውስጥ ነው ያለው፣ ነፍሱን ይማር)። ቴሌግራም ላይ ስትላላኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል።

የማይነሳም አለ፣ ይሄንን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። ብራናው ወጥቶ፣ መስቀሉ ወጥቶ፣ የነገሥታት ዘውድ ወጥቶ ሲታያችሁ "የት እንደሚቀመጥ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ" የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ትለቃላችሁ፣ ቦታውንም ትጠቁማላችሁ። ሌባ ቲክቶክ አያይም ያላችሁ ማነው? ቅርስ ከዚህ አገር ሲወጣ የኖረው አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በ1932 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥዕሉን አንስተው በምትኩ ቅጂ ለጥፈው የሄዱት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ዋናው ዛሬ ፓሪስ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ማንሳት ይቅርባችሁ።

የጣናው የወንዶች ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ ደግሞ አጽማቸው ያረፈ ነገሥታት አሉ፣ ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ። ከሣጥናቸው አጠገብ ጣታችሁን ቀስራችሁ የምትነሱ ወንድሞቼ፣ አያታችሁ መቃብር ላይ እንዲህ ታደርጋላችሁ? እህቶቼ ወደዚያ ስለማይገቡ ለጊዜው ከዚህኛው ድነዋል።

ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጢስ ዓባይ የምትሄዱ ሰዎች ወደ ፏፏቴው ስትሮጡ የምትረግጡት የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሠራ ነው። ቆማችሁ ቅስቱን ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ዝቅ ብላችሁ ከጎን ብታነሱት እንዴት ያምር ነበር! ድንጋይ ላይ "እገሌና እገሊት" ብላችሁ የምትቸከችኩማ ምን እንደምላችሁ አላውቅም፣ አብዛኛው ፍቅር ከጽሑፉ በፊት ነው የሚያልቀው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ መኪና መንገድ ላይ ገትራችሁ የምትነሱበት። ለአሮጌው ግን አንድ ፎቶ የላችሁም፣ ያንን ሁሉ ዘመን ያሻገረን እሱ ሆኖ ሳለ። እርግጥ ነው፣ ድሮ ካሜራ ስታወጣ ጥበቃው "ተው!" ይልህ ነበር፣ እሱ ምክንያት ይሆናችኋል። ለከተማችን አሮጌ ቤቶችስ ምን ምክንያት አላችሁ? ዛሬ ቆመው ያያችኋቸው ነገ የሉም።

ሰልፊ አትነሱ አላልኩም። ተነሱ፣ አምሮባችኋል። ብቻ አሥር ስትነሱ አንዱን ለግድግዳው ተዉለት።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። ቦርሳዬን ደጅ ትቼ፣ አባ በሩን ከፍተውልኝ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አነሳሁት፣ የተላጠውንም ጭምር። ከተማ አሳጥቤ በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አባ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ረጅም ጊዜ አዩት። እንዲመርቁኝ ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ፣

"ቀዩ እንዲህ አይጮህም" አሉኝ።

ተያይዘን ገብተን ከግድግዳው ጎን ይዘነው አየን። እውነታቸውን ነው። ስልኩ በራሱ ቀለም የሚያደምቅበትን ነገር ሳላጠፋው ነው ያነሳሁት። ቅዳሜ ጀልባ ካለ እንደገና እሄዳለሁ።