የሴሬትሴ ካማ ታሪክ ከሠርጋቸው አይጀምርም

በ2024 መገባደጃ ላይ የቦትስዋና ሕዝብ ከነጻነት ጀምሮ ለ58 ዓመታት ሲገዛው የኖረውን ፓርቲ በድምፁ አሰናበተ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቦትስዋና ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ከ61 የምርጫ ወረዳዎች ያሸነፈው በ4 ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት ሞክዊትሲ ማሲሲ ቆጠራው ገና ሳያልቅ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ሥልጣኑም በሰላም ለተቃዋሚው መሪ ለዱማ ቦኮ ተላለፈ።

ያን ዜና ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ ፓርቲው መሥራችና ወደ አገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ ወደ ሰር ሴሬትሴ ካማ ነው። የእሳቸው ታሪክ ሲነገር ሁለት ነገር አይቀርም። አንዱ እንግሊዛዊት ማግባታቸው ነው፣ ሌላው አልማዝ። ወደዱ፣ ተሰደዱ፣ ተመለሱ፣ ከዚያ ምድሪቱ አልማዝ ሰጠቻቸው። ታሪኩ እንዲህ ሲወራ የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ መሃል ላይ ይጠፋል። ትልቁ ሥራ፣ በእኔ እምነት፣ በእጃቸው የነበረውን መልቀቃቸው ነው። ያውም ሁለት ጊዜ።

ፍቅሩን ለማሳነስ አይደለም። ሴሬትሴ በ1921 ሴሮዌ ውስጥ ሲወለዱ በዛሬዋ ቦትስዋና ካሉት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የባንግዋቶ ሕዝብ አልጋ ወራሽ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ገና የ4 ዓመት ልጅ ስለነበሩ አጎታቸው ትሼኬዲ ካማ በእንደራሴነት አገሩን ያዙ፤ እሳቸውንም አሳደጉ። ወጣቱ ወራሽ ደቡብ አፍሪካ ባለው በፎርት ሄር ኮሌጅ ተማሩ፣ ኦክስፎርድ ገቡ፣ ለንደን ውስጥ ሕግ ያጠኑ ጀመር። እዚያው ለንደን በ1947 ሩት ዊሊያምስን ተዋወቁ። በዓመቱ ለመጋባት ሲነሱ ቤተ ክርስቲያን አላጋባም አለች። በመንግሥት መዝገብ ፊት ፈርመው ተጋቡ።

አጎትየው ተቆጡ። ወራሹ ሕዝቡን ሳያማክር እንዴት ያገባል ነው ነገሩ። ጉዳዩ ሴሮዌ ላይ በኮትላ፣ ማለትም በሕዝቡ መሰብሰቢያ አደባባይ፣ ደጋግሞ ቀረበ። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ከአጎትየው ጋር ነበር። በ1949 በተደረገው ስብሰባ ግን ሴሬትሴ የሚቃወሟቸው እንዲነሱ ሲጠይቁ የቆሙት 40 ያህል ሽማግሌዎች ብቻ ሆኑ። የሚደግፉት ሲጠየቁ አደባባዩ በሺዎች ተሞልቶ ተነሳ።

ሕዝቡ ፈረደ። አገሩን በቅኝ የምትገዛው እንግሊዝ ግን አልቀበል አለች። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግን ጋብቻ በሕግ ከልክላለች። ለንደን ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወርቅና ዩራኒየም ያስፈልጋታል። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሴሬትሴ ለመንገሥ ብቁ ናቸው፣ እንቅፋቱ የጎረቤቶቹ ቅሬታ ነው የሚል ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ሪፖርቱ ለ30 ዓመት ያህል ተደበቀ። በ1950 ሴሬትሴን ለምክክር ብለው ለንደን ጠርተው እዚያው አስቀሯቸው። ሩት ነፍሰ ጡር ሆነው ሴሮዌ ቀርተው ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልቀቅ እዚህ ላይ ይመጣል። በ1956 ወደ አገራቸው የተመለሱት ዙፋኑን ትቻለሁ ብለው ፈርመው፣ እንደ ማንኛውም ዜጋ ነው። ተገደው ነው የሚል ይኖራል፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉትን እንይ። በቀል ሊፈልጉ ይችሉ ነበር። ሕዝባቸውን አስነስተው ዙፋኔን መልሱልኝ ሊሉም ይችሉ ነበር። እሳቸው ከአጎታቸው ጋር ታረቁ። በ1962 ከኬት ማሲሬና ከሌሎች ጋር ሆነው ፓርቲ መሠረቱ። በ1965ቱ ምርጫ ፓርቲው ከ31 ወንበር 28ቱን ወሰደ። በውርስ ያጡትን በድምፅ አገኙት።

በ1966 የተረከቧት አገር ግን አገር ለመባል የሚያበቃ ነገር አልነበራትም። አስፋልቷ 12 ኪሎ ሜትር ነበር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ዜጎቿ 22 ናቸው። የቤችዋናላንድ (በቅኝ ግዛት ዘመን ቦትስዋና የምትጠራው እንዲህ ነበር) መንግሥት መቀመጫ ለዓመታት ከድንበር ውጭ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማፊኪንግ ላይ ስለነበረ ዋና ከተማዋ ጋቦሮኔ ለነጻነቱ ቀን እንድትደርስ በጥድፊያ የተሠራች ከተማ ናት። ድርቅ ከብቱን ፈጅቶታል። የመንግሥት በጀት የሚሞላው በእንግሊዝ እርዳታ ነበር።

ሁለተኛውን መልቀቅ የማየው በዚህ ድህነት መሃል ስለሆነ ነው የሚገርመኝ። በ1967 በወጣው ሕግ የማዕድን መብት ከየጎሳው ወጥቶ ወደ መንግሥት ዞረ። በዚያው ዓመት ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ። ኦራፓ ያለችው የት ነው? በባንግዋቶ ምድር፣ በሴሬትሴ በራሳቸው ወገን መሬት ላይ። በድሮው ደንብ ቢሄድ ያ ሀብት የባንግዋቶ ነበር። አንድ ወገን ቱጃር ሆኖ ሌላው ሲያይ በዚያች ጨቅላ አገር ምን ሊፈጠር እንደሚችል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሕጉ የተነሳ ግን አልማዙ የሁሉም ሆነ። ለእኔ የአገሪቱ መሥራች ሰነድ ይህ ሕግ ነው።

ነገሩ ያለ ዋጋ አልሄደም። የመሬት ሥልጣን ከአለቆቹ እጅ ወጥቶ ወደ መሬት ቦርዶች ሲሄድ ብዙ ባህላዊ መሪዎች ከፋቸው። የባንግዋኬትሴ የተባለው ሌላው ሕዝብ ገዢ ባቶየን ዳግማዊ በ1969 አለቅነታቸውን ለቀው ተቃዋሚውን ፓርቲ ተቀላቀሉ። በምርጫው ያሸነፉትም ሌላ ሰው ሳይሆን ምክትል ፕሬዚዳንቱን ማሲሬን ነው። ሴሬትሴም ውጤቱን ተቀበሉ። ስለ 2024ቱ ምርጫ የሚጽፍ ሰው ይህችን የ1969 ምርጫ ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

አልማዙንም ቢሆን ምድር ዝም ብላ አልሰጠችም። መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ነበር። በ1975 አልማዙን ከሚያወጣው ኩባንያ ከዴቢርስ ጋር እንደገና ተደራድረው ወደ 50 በመቶ አሳደጉት። በጀታቸውን ያለ እንግሊዝ ድጎማ መሸፈን የጀመሩት ከዚያም ቀደም ብለው ነው።

ታሪካቸውን ስንጽፍ ጥላውንም አብረን ካልጻፍን ግን ሰውየውን ሐውልት እናደርጋቸዋለን። በዚያው በ1975 የወጣው የግጦሽ መሬት ፖሊሲ የጋራ መሬትን ለእርባታ በሊዝ እንዲከለል ፈቀደ። ተጠቃሚው ብዙ ከብት ያለው ሆነ። ባሳርዋ የሚባሉት አዳኝና ለቃሚ ሕዝቦች ሲንቀሳቀሱበት ከኖሩት መሬት ብዙውን አጡ። አልማዙን የሁሉም ያደረገ መንግሥት ሣሩን ለጥቂቶች ሲከልል ማየት ይከብዳል። ራሳቸው ሴሬትሴ ትልቅ የከብት ባለቤት ነበሩ። ይህ ምዕራፍ በእግርጌ ማስታወሻ የሚታለፍ አይደለም፤ የአገሪቱ የሀብት ልዩነት ዛሬም ድረስ ሰፊ ነው።

እሳቸው ራሳቸውም እንዲህ ያለ ሙሉ ታሪክ ቢጻፍ የሚቃወሙ አይመስለኝም። በ1970 ለተመራቂ ተማሪዎች ባደረጉት ንግግር «ያለፈ ታሪክ የሌለው አገር የጠፋ አገር ነው፤ ያለፈ ታሪክ የሌለው ሕዝብም ነፍስ የሌለው ሕዝብ ነው» ብለዋል። ታሪካችንን ራሳችን እንጻፍ ነው መልእክታቸው።

በጣም የምወደው ገጽ የ1976ቱ ነው። ቦትስዋና ከሌሶቶና ከስዋዚላንድ ጋር የምትጋራው ዩኒቨርሲቲ ሌሶቶ በመውጣቷ ተበተነ። ገንዘብ አልነበረም። ሴሬትሴ ሕዝቡን «አንድ ሰው፣ አንድ ከብት» ብለው ጠየቁ። ከብት ያለው ከብት አመጣ። የሌለው እህል አመጣ፣ እንቁላል አመጣ፣ ሳንቲም አመጣ። የጋቦሮኔው ዩኒቨርሲቲ በዚህ ተሠራ። በ1980 በካንሰር በ59 ዓመታቸው ሲያርፉ የተቀበሩት ሴሮዌ ነው፤ ዙፋኑን ትቻለሁ ብለው የፈረሙት ሰው ከአባቶቻቸው ከነገሥታቱ መቃብር ጎን።