ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደረሰኝ፤ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከደመወዜ ላይ ከሚቆረጠው በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ነው። እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ የስፖርት መምህር ነበርሁ። ከማክሰኞ ወዲህ «ያልተወራረደ የመንግሥት ሂሳብ ያለበት ግለሰብ» ሆኛለሁ። እንዲህ የሚለው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ደማቅ፣ ፊርማው ረጅም፣ ስሜም እስከ አያት ተጽፏል። ለደረጃ እድገት ሲሆን የአያቴን ስም በትክክል ጽፈውት አያውቁም።

ነገሩን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ዋናው ባለጉዳይ እርስዎ ነዎትና። ለትምህርት ቤቶች ውድድር ኳስ ይገዛ ተባለ። ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ሰብስብ ተባልሁ፤ ሰበሰብሁ። (የሦስቱ ዋጋ ማቅረቢያዎች የእጅ ጽሑፍ ሁልጊዜ ለምን ወንድማማች እንደሚመስል ሂሳብ ሹሙም፣ ኦዲተሩም፣ ይህን የሚያነብ ሕዝብም ያውቃል፤ እንለፈው።) ቅድሚያ ክፍያውን ፈርሜ ወሰድሁ፤ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ሁለት ኳስ፣ አንድ መረብና አንድ ፓምፕ ገዛሁ። እርስዎም ከማሽኑ ተቆርጠው ወጡ፤ አጭር፣ ለስላሳ፣ ነጭ ለባሽ። ከመታወቂያዬ ጋር ደረት ኪሴ ውስጥ አስቀመጥሁዎት። ኳሶቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆኑ፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኑ፤ አንደኛው በመጀመሪያው ሳምንት ሜዳው ዳር ባለው ግራር እሾህ ላይ ሕይወቱ አለፈ።

እርስዎን ለማወራረድ በሄድሁ ጊዜ ሂሳብ ሹሟ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ሆኑ። ከዚያ ለቅሶ ላይ። ከዚያ የበጀት መዝጊያ ደረሰና ማንም ማንንም የማያናግርበት ወቅት ገባ። በመጨረሻ ወንበራቸው ላይ ሳገኛቸው ከኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብሁዎት። ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩዎት፤ ገለበጡዎት፤ እንደገና አዩዎት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ደረሰኝ ነው።»

«ምን ይላል?»

«እዚህ ጋ የሱቁ ስም ነው፤ እዚህ ጋ ኳሱ፤ ከታች ድምሩ፤» አልሁ፣ ባዶ ወረቀት በጣቴ እየነካሁ።

«ለእኔ የሚታየኝ ነጭ ወረቀት ነው። ነጭ ወረቀት አይወራረድም።»

አቶ ደረሰኝ፣ በዚያች ሰዓት ምን ነካዎት? የተጻፈብዎትን ሁሉ ጠርገው፣ ቀለምዎን አጥፍተው፣ እንደ ተወለዱ ሆነው ቀረቡ። በሕይወት ያለውን ኳስ ላምጣ ብል «ኳስ ሰነድ አይደለም» ተባልሁ። ነጋዴው ሌላ ይቁረጥልኝ ብል «ላንድ ሽያጭ ሁለት ደረሰኝ ወንጀል መሆኑን አታውቅም?» ተባልሁ። ንብረት ክፍል የፈረመበትን ሞዴል 19 ባሳይ «እሱ ዕቃ መግባቱን እንጂ ገንዘብ መውጣቱን አያሳይም» ተባልሁ። እንግዲህ ኳሶቹ በራሳቸው እግር እየተንከባለሉ ከደብረ ማርቆስ መጥተዋል ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪው ወደ ክፍል ሲበተን፣ ሰሌዳው ሥር የሰባተኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው አየሁ። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ንባቡ ባልተለመደ ሁኔታ ጥርት ያለ ነበር። አንዲቷ ዞራ ጓደኛዋን «ጋሼ ኳሱን በሉት ማለት ነው?» ስትል ሰማሁ። «ሁለቱንም?» አለች ሌላዋ፣ ከልቧ ደንግጣ። ዘወር ሲሉ አዩኝ። ያን ዕለት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እነዚያን ልጆች አሰልፌ «ደረት ወደ ፊት፣ አንገት ቀና!» ማለት ነበረብኝ፤ አልሁም። የእኔ አንገት ግን አልቀና አለ። ከበሩ ስወጣ የግቢው ዘበኛ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «አይዞህ ልጄ፤ በልተህ ቢሆን ኖሮ አይለጥፉህም ነበር» አሉኝ። ማጽናናታቸው ነበር።

ማታ ራሴን ለማስረሳት ኳስ ማሳያ ቤት ገባሁ። መግቢያ ከፈልሁ፤ እርስዎን አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማንቸስተር ሲቲ ይጫወት ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው ጎረምሳ ሰማያዊ ማሊያ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የአቡ ዳቢ መንግሥት አየር መንገድ ስም። ያን ስም እያየሁ ዘጠና ደቂቃ ስለ እርስዎ አሰብሁ። ጥያቄ አለኝና ይታገሡኝ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ክለብ በ2008 የገዛው የሼክ መንሱር ኩባንያ ነው። ሼክ መንሱር የዛሬው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፕሬዚዳንት ወንድም፣ ራሳቸውም የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። ክለቡ ግን የመንግሥት ንብረት አይደለሁም፣ የግለሰብ ነኝ ይላል። ይሁን። በ2018 ዴር ሽፒግል የተባለው የጀርመን መጽሔት ሾልከው የወጡ ኢሜይሎችን አተመ፤ በአንዱ ላይ ከአየር መንገዱ የስፖንሰር ገንዘብ ከ67.5 ሚሊዮን ፓውንዱ 8 ሚሊዮኑን ብቻ አየር መንገዱ፣ ቀሪውን የባለቤቱ ኩባንያ እንደሚሸፍን ተጽፏል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በየካቲት 2020 ክለቡን ከአውሮፓ ክለቦች ውድድር ለሁለት ዓመት አገደ፤ 30 ሚሊዮን ዩሮም ቀጣ። በሐምሌ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ እገዳውን አነሣ፤ ከክሶቹ ገሚሱ አልተረጋገጠም፣ ገሚሱ ጊዜው አልፎበት በይርጋ ታግዷል አለ። የቀረው 10 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ነው፤ እሱም ክለቡ ለምርመራው ባለመተባበሩ።

ይርጋ! እኔን ከስንት ዓመት በፊት በፈረምሁት አንድ ካርቶን ጠመኔ የሚጠይቀኝ ኦዲተር ይህን ቃል ሰምቶት ያውቃል? ደግሞ «ባለመተባበር» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ፎቶ ኮፒ ረስቼ ብመጣ «ነገ ና» እባላለሁ። እነሱ ሰነድ አንሰጥም ብለው በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫ በሉ።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ የካቲት 6 ቀን 2023 ከ2009 ጀምሮ ያለውን ቆጥሮ ከመቶ በላይ ክስ አቀረበ፤ ዓለም 115 ይለዋል። ገቢውንና ስፖንሰሩን በትክክል አላሳወቀም፣ የአሠልጣኝና የተጫዋች ክፍያን በሙሉ አልገለጸም፣ ምርመራውን አልተባበረም የሚል ነው። ክለቡ ሁሉንም ይክዳል፤ የማይታበል ማስረጃ አለኝ ይላል። በተከሰሰበት ዓመት ሦስት ዋንጫ ወሰደ፤ በማግሥቱም ሊጉን ደገመ። ችሎቱ በመስከረም 2024 ተከፍቶ በታኅሣሥ አበቃ፤ ከዚያም ወራት ተቆጠሩ። እውነትም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ 115 ክስ ያለበት አካል በሰሌዳ ሳይለጠፍ፣ ደመወዙ ሳይቆረጥ፣ ጠበቃ አቁሞ ዓመታት ሲከራከር፣ እኔ በአንድ ወረቀት ማን ፊት ቀርቤ ተከራከርሁ?

ሕጉ ጭራሽ አይሠራም እንዳልል ደግሞ ኤቨርተን አለ። በሦስት ዓመት 105 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ መክሰር ሲፈቀድ እሱ በ19.5 ሚሊዮን አለፈ። በኅዳር 2023 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ይግባኝ ብሎ ወደ 6 ወረደለት፤ በሚያዝያ እንደገና 2 ተቀነሰ። ኖቲንግሃም ፎረስትም 4 ነጥብ ከፈለ። ሁለቱም በተከሰሱ ዓመት ሳይሞላቸው ተቀጡ። ኤቨርተን ሆይ፣ የጎጃም የስፖርት መምህራን አንተን እናውቅሃለን።

ቼልሲ ደግሞ በዚሁ የኪሳራ ሕግ ሥር ሆኖ ሁለት ሆቴሎቹን በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለእኅት ኩባንያው ሸጠ። ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ ይሆን?

ኒውካስልን በ2021 የሳዑዲው የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ከአጋሮቹ ጋር በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ 80 በመቶው የፈንዱ ሆነ። የፈንዱ ሊቀመንበር አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሳልማን ናቸው። ፕሪሚየር ሊጉ ታዲያ የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ ብሎ ፈቀደ። ከዚያ በ2023 ፈንዱ አሜሪካ ውስጥ በጎልፍ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሰነድ ሲጠየቅ ምን አለ? እኔ የሳዑዲ መንግሥት አካል ነኝ፣ ገዥዬም (የኒውካስል ሊቀመንበር የሆኑት ያሲር አል ሩማያን) በሥራ ላይ ያሉ ሚኒስትር ናቸው፣ ስለዚህ የመንግሥት ከለላ አለኝ። እንግሊዝ ሲገባ ግለሰብ፣ አሜሪካ ሲገባ መንግሥት። አቶ ደረሰኝ፣ እርስዎ ላይ የገዢው ስም በአንዲት ፊደል ቢሳሳት፣ «ት/ቤት» እና «ትምህርት ቤት» ተለያይተው ቢገኙ፣ ሰው ተመላልሶ ጫማው ያልቃል።

የፓሪሱ ክለብ ፒኤስጂም አለ። ኳታሮች በ2011 ገዙት፤ የራሳቸው የቱሪዝም ባለሥልጣን በዓመት እስከ 200 ሚሊዮን ዩሮ በሚገመት ውል ስፖንሰር ሆነው፤ ለኔይማር ዝውውር በ2017 222 ሚሊዮን ዩሮ ተከፈለ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ናስር አል ኬላይፊ የኳታር ሚኒስትር ሆነው፣ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ቴሌቪዥን ሊቀመንበር ሆነው፣ የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር መሪ ሆነው፣ ሕጉን በሚያወጣው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚም ውስጥ ተቀምጠዋል። እኛ ትምህርት ቤት ኳስ የሚገዛው፣ ኳስ የሚረከበውና ኳስ መገዛቱን የሚያጸድቀው አንድ ሰው እንዳይሆን በመመሪያ ተከልክሏል። ሁለት ኳስ! አንዱም በእሾህ የሞተ!

እዚህ ላይ ፈገግታዬ ያልቃል። በእኛ አገርስ ክለብ የማን ነው? ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሣው በባንክ ገንዘብ ነው፤ መቻል የመከላከያ ነው፤ ባሕር ዳርና ፋሲል የከተማ አስተዳደር ናቸው። መንግሥት ክለብ መያዙ ለእኛ ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ወሬ አይደለም፤ ከደመወዜ ላይ «ለስፖርት ክለብ ድጋፍ» የምትል መስመር አለች። በፈቃዴ ነው የተቆረጠው ተብያለሁ፤ ፈቃዴን የሰጠሁበትን ስብሰባ ግን አላውቀውም። ለዚህች መስመር ደረሰኝ ጠይቄ «የደመወዝ ዝርዝሩን እይ» ተብያለሁ። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን አጨበጨብን፤ ከጠረጴዛ ሥር ያለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ግን ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያወራል። የባሕር ዳሩ ስታዲየም መስፈርት አላሟላም ተብሎ ግብፅን በሜዳችን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሜዳችን ማላዊ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሚሊዮን ማን በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ? ማን አንገቱን ደፍቶ በተማሪዎች መካከል አለፈ? ልጆቹ የቀረችው ኳስ እስክትደርሳቸው ድረስ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ፤ አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ጎበዝ ቢወጣ ክለቡ የእኛ ልጅ ነው ብሎ ፎቶ ይነሣል። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በዝውውር ወደ ማንቸስተር እንዲሄዱልኝ እለምናለሁ። እዚያ ሰፊ የሥራ ዕድል አለ፤ ከ2009 ጀምሮ የሚታይ ሰነድ ስላለ ሰነፍ አይሆኑም። የዓይንዎ ስለትም ይታወቃል፤ የትምህርት ቤት ፓምፕ ዋጋ ላይ ሳንቲም ያላመለጠዎ ሰው 59.5 ሚሊዮን ፓውንድ አያመልጥዎትም። እዚያ ሲደርሱም ጸባይዎን አይለውጡ፤ ስርዝ ድልዝ አልቀበልም ይበሉ፤ ቲተር ይምቱ፤ የገዢ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቁ፤ ጠበቆቹ ሲመጡ «ኃላፊው ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ነገ ኑ» ይበሏቸው። ቢያንስ የመልክ ለውጥ ያገኛሉ። እዚህ ሳሉ ከደሃ ጋር ሲታገሉ ኖረዋልና።

ዝውውሩ የማይቻል ከሆነ ደግሞ የእኔ ጉዳይ በዚያኛው ሥርዓት ይታይልኝ። ጠበቃ ይቁምልኝ። ችሎቱ በዝግ ይሁንልኝ። እስኪወሰን ድረስ ደመወዜ ሙሉውን ይከፈለኝ። ጥፋተኛ ከሆንሁም ሦስት ነጥብ ይቀነስብኝ፤ ከሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ዘንድሮም ያው ዝቅ አድርገው ሞልተውታል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦

ለትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል፦ መረቡ አንድ ወገን ብቻ በመሆኑ ጎል የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ መሆኑን ለማሳወቅ ያህል

ለሊቨርፑል ከተማ፣ ለኤቨርተን ደጋፊዎች፦ ለሐዘን ተካፋይነት

ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ገንዘብ ክፍል፦ ለ10 ሚሊዮን ዩሮው የተቆረጠው ደረሰኝ ቀለሙ ሳይጠፋ በአስቸኳይ ፎቶ ኮፒ እንዲደረግ