ጌጋርድን በሩጫ

አስጎብኚዎች የአርሜኒያን ጥንታዊ ገዳማት በአንድ ቀን ውስጥ አጭቀው የሚሸጡበት አሠራር እጅግ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። በኾር ቪራፕ ገዳም፣ የአርመን ሐዋርያ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ለዓመታት ታስሮበታል ወደሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ በጠባቡ የብረት መሰላል ለመውረድ ተራ ይዘን ሳለ፣ አስጎብኚያችን «መኪናው ሊነሣ ነው» እያለ መለሰን።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የጌጋርድ ገዳሙ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአለት የተፈለፈሉት ክፍሎች፣ በግድግዳቸው ላይ የተቀረጹት መስቀሎች፣ በውቅሩ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከአለቱ የሚፈልቀው ምንጭ፣ ላሊበላን ተሳልሞ ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ቆም ተብሎ የሚጸለይባቸው እንጂ ፎቶግራፍ ተነሥቶባቸው የሚታለፉ አይደሉም፤ ደግሞስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን የእኛዋ እኅት አይደለችምን? ለጧፍ መትከያ በተዘጋጀው አሸዋ ላይ የተከልኳት ቀጭን ጧፍ በወጉ ሳትያያዝ ነው ተጠርቼ የወጣሁት።

ለጸሎት ጊዜ የለም ያለን ሰው በወይን ጠጅና በኮኛክ መሸጫው ግን ከሰዓት በላይ አስቀመጠን። ኖራቫንክ ገዳም የደረስነውም ሲመሽ ነበር፤ በ1339 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው ባለ ሁለት ደርብ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቱ ላይ የተጣበቁት፣ ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጡት ጠባብ ደረጃዎች በድንግዝግዝ ታዩን እንጂ የቀራጺውን የሞሚክን ሥራ ለይተን ማየት አልቻልንም። ተሳላሚ ከፍሎ የሚመጣው ለገዳማቱ ነውና፣ በየገዳሙ የሚቆይበት ሰዓት አስጎብኚዎቹ ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት በግልጽ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል።