እርማት፦ ፍጥነቱ ተረጋጋ ማለት ገጹ ያለፈውን ረሳ ማለት አይደለም

እርስዎ ጎንደር ላሉ የፊዚክስ ተማሪዎች ባካፈሉት ማስታወሻ ላይ «የሚያድግ ገጽ አማካይ ፍጥነቱ ከተረጋጋ፣ በሁለት ጊዜያት ከፍታ መካከል ያለው ተዛምዶ የሚወሰነው በልዩነታቸው ብቻ ነው» ብለዋል። የሚያድግ ገጽ ሲባል ቅንጣቶች እየተደረቡበት ከፍ የሚል ወለል ነው፤ ተዛምዶ ደግሞ የኋለኛው ከፍታ የፊተኛውን ምን ያህል እንደሚመስል ይለካል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ፍጥነቱ ቶሎ ይረጋጋል፤ ሸካራነቱ (ከፍታዎቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን) ግን ገና እየጨመረ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ካርዳር፣ ፓሪዚና ዣንግ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት እኩልታ መሠረት፣ በአንድ መስመር በተደረደሩ ነጥቦች ላይ የሚያድግ ገጽ ሸካራነቱ በጊዜ 1/3 አርቢ ያድጋል። የሚቆመው ጊዜው የመስመሩ ርዝመት 3/2 አርቢ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ለ1024 ነጥብ በግርድፉ 32,768 የጊዜ እርምጃ። ርዝመቱን 4 እጥፍ ቢያደርጉት ጊዜው 8 እጥፍ ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ ገጹ ያረጃል፤ በቆየ ቁጥር ያለፈውን ቀስ ብሎ ይረሳል፣ ማለትም ተዛምዶው ቀስ ብሎ ይቀንሳል። 100 እርምጃ የቆየ ገጽ በተጨማሪ 100 እርምጃ የሚረሳውን ያህል ለመርሳት፣ 400 የቆየው ሌላ 400 ይፈልጋል።

ይህን ራስዎ ለማየት ከጠፍጣፋ መስመር ይነሱ፤ ከእያንዳንዱ ከፍታ አማካዩን ይቀንሱ። መቆያውን (የፊተኛውን ጊዜ) 100፣ 200፣ 400 አድርገው ተዛምዶውን በመቆያው 2/3 አርቢ ያካፍሉ። አግድም ዘንጉ ላይ ልዩነቱን ሳይሆን የኋለኛው ጊዜ ለፊተኛው ሲካፈል የሚሰጠውን ያስቀምጡ፤ ኩርባዎቹ ይደራረባሉ። አንድ ሙከራ አይበቃም፣ በጣም ይዋዥቃል፤ የብዙ ሙከራዎች አማካይ ይውሰዱ።

64 ነጥብ ብቻ ከወሰዱ ግን ሸካራነቱ 512 እርምጃ አካባቢ ማደጉን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ በእርግጥም ልዩነቱ ብቻ ይወስናል። ስህተቱ የመጣው ከእንዲህ ዓይነት አጭር መስመር ይመስለኛል።