የሁሉም አያት ፒያሳ ነበሩ

በመጀመሪያ ምስጋና ይቅደም። በየማለዳው ገና አይናችንን ሳንጠርግ ጥቁርና ነጭ አዲስ አበባን ስልካችን ላይ እየለጠፋችሁ "ወይ ዘመን!" ለምትሉን፣ ከስሩም የሚያለቅስ ኢሞጂ ደርድራችሁ "ላይክ ሳታደርግ እንዳታልፍ" ለምትሉን ወገኖች ውለታችሁን በምን እንደምንከፍል እንጃ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ አከራይ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንግዲህ..." ብሎ ወሬ በሚያሟሙቅበት፣ የታክሲ ሰልፍ ጫፉ በማይታይበት በዚህ ጊዜ እናንተ ባትኖሩ እኮ ያለንበት አመት ላይ ተገትረን መዋላችን ነበር። ተባረኩ።

ፎቶዋን መቼም ታውቋታላችሁ። ሰፊ አስፋልት፣ ከተማው ታጥቦ የተሰጣ ነው ሚመስለው። ሁለት ሴይቼንቶ ታክሲ፣ ሰማያዊና ነጭ መሆናቸው በጥቁርና ነጭ ፎቶም ሳይቀር ይታወቃል፣ ወይ እኛ እንደዛ ማየት ስለፈለግን ነው። ሚኒስከርት የለበሰች ባለ አፍሮ ወጣት መንገድ ስታቋርጥ፣ ኮቱን የቆለፈ ሰውዬ አዲስ ዘመን ጋዜጣውን በብብቱ ሸጉጦ ቆሞ ሲያያት። ከላይ ጽሁፍ፦ "አዲስ አበባ በ1968፣ ያ ደጉ የንጉሡ ዘመን"። እዚች ጋ አንድ ነገረኛ አይጠፋም፣ "ወንድሜ 1968 በኛ ነው በፈረንጅ? በኛ ከሆነ እኮ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስ ተጭነው ሄደዋል፣ በዛው አመት ሐምሌ ላይ ደሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሷል" ይላል። መልሱ ወዲያው ነው፣ "አንተ ደሞ ሁሌ ነገር ማበላሸት!" ትክክል። ሰው ተክዞ ባለበት ካላንደር ማገላበጥ ነውር ነው። ደሞስ እንኳን አመቱ ከተማውስ ቢሳሳት ምን አለበት? ዘንባባ የተሰለፈበት የአስመራ ጎዳና "የኛዋ ፒያሳ" ተብሎ ላይክ ሲዘንብለት አይቻለሁ፣ ከስሩም አንዱ "እነዚህን ዘንባባዎች የቆረጠ እጁ ይቆረጥ" ብሎ ሲራገም።

እኔ ግን ከምንም በላይ የማደንቀው የኤዲት ስራችሁን ነው። ያቺው አይነት ፎቶ ሙሉዋ ስትገኝ ግራ ጥጓ ላይ እንጨት የተጫነች አህያ ወገቧ ድረስ ትታያለች፣ ከአህያዋ ኋላ የሊስትሮ ሳጥኑን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ልጅ አለ፣ ልብ በሉ የሰው ጫማ ሲጠርግ የሚውለው ልጅ ራሱ ባዶ እግሩን ነው፣ ከሱ ደሞ ከፍ ብሎ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴትዮ አለች፣ ከሸክሙ ስር እግሯ ብቻ ነው ሚታየው። በእናንተ ጥበብ አህያዋም ልጁም ሴትየዋም በአንድ ጣት ተጠርገው ይወጡና ሚኒስከርቷና ሴይቼንቶው ብቻ ይቀራሉ። ንጽት! ማዘጋጃ ቤት በስንት ዘመኑ ያቃተውን ጽዳት እናንተ በሁለት ሰከንድ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ቆጠራ የአዲስ አበባ ህዝብ 443 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ "አያቴ ፒያሳ ቤት ነበራቸው" የሚለውን ሰው ብቻ ብንደምር ፒያሳ ብቻዋን ከዛ በላይ ሳይወጣት አይቀርም። የሁሉም አያት ፒያሳ፣ የሁሉም አያት ባለ ቮልስ፣ የሁሉም አያት ቅዳሜ ማታ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ እሁድ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲወጡ ኬክ። ተረት ሰፈር የኖረ አያት ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፣ ቄራም እንደዛው፣ ዶሮ ማነቂያም (ዶሮ ማነቂያ እኮ እዛው ፒያሳ ጉያ ውስጥ ነበረች፣ ፎቶ አልወጣላትም እንጂ)። የማንም አያት ጭሰኛ አልነበሩም፣ የማንም አያት የሰው ቤት ዘበኛ አልነበሩም፣ ተማሪዎቹ በ1957 "መሬት ላራሹ" ብለው ሰልፍ ሲወጡ ለማን እንደወጡ አንድዬ ይወቀው። ውቤ በረሃንማ ተዉት። ያ ሁሉ ቡና ቤት እስኪነጋ ሲደምቅ የነበረው በማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው፣ የማንም አያት ዝር ብለውበት አያውቁማ።

ደሞ ጨዋነቱ! "ያኔ ሴቶቻችን እንዴት ጨዋ ነበሩ" ብሎ ከሚኒስከርቷ ስር የጻፈውን ጋሼ ፕሮፋይሉን ገባ ብላችሁ ብታዩት ትናንት ማታ አንዲት ቲክቶከር ቀሚሷ ከጉልበቷ ከፍ ስላለ "ባህላችንን ገደላችሁት" እያለ ሲሰድባት ነው ያመሸው። የአያት ሚኒ ስልጣኔ፣ የልጅ ልጅ ሚኒ ብልግና፣ ገባችሁ? ጨርቁ አንድ ነው፣ ለውጡ ካሜራው ላይ ነው። በነገራችን ላይ ያኔም ሁሉ ሰው ቆሞ አላጨበጨበም፣ 1960 ላይ ዩኒቨርስቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የምዕራባውያን ባህል ሊጫንብን ነው ብለው ግልብጥ ብለው የተቃወሙት፣ ነገሩም ከሮ ዩኒቨርስቲው እስከ መዘጋት ደርሷል። ግን የረብሻ ፎቶ ለፕሮፋይል አይሆንም፣ ገብቶኛል።

ከዛ ደሞ ጨረታው ይከፈታል። አንዱ "ያኔ ጤፍ ኩንታሉ 30 ብር ነበር" ይላል፣ ሌላው "ኧረ 20!"፣ ሶስተኛው "እኔ ሳውቅ 12"፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሲወርድ ይቆይና ማታ ላይ ነጋዴው ራሱ ጤፉን ተሸክሞ ቤትህ አድርሶልህ ዶሮ መርቆልህ የሚመለስበት ደረጃ ላይ እንደርሳለን። የዶላሩ እንኳን እውነት ነው፣ 2 ብር ከ50 ነበር፣ ኋላም 2 ብር ከ7 ሳንቲም። ደሞዝ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀ ግን እዛ ቤት ጸጉረ ልውጥ ነው። ያ ሁላችንም የምንናፍቀው የሴይቼንቶ ሹፌር ራሱ በየካቲት 1966 ቤንዚን ጨመረ ብሎ መኪናውን አቁሞ ከተማውን ቀጥ አድርጎት ነበር፣ ምናልባት የጤፉን ዋጋ ሳይነግሩት ቀርተው ይሆናል። ከዛ ቀደም ብሎ 1965 ላይ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። የሱም ፎቶ አለ። ላይክ የለውም እንጂ።

ወደ ማስታወቂያዎቹ ስንመጣ ግን ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ነው የማጨበጭብላችሁ። የራዲዮ፣ የልብስ መኪና፣ የፊያት፣ የለስላሳ፣ የአየር መንገዱ ጄት፣ እንዴት ያለ አማርኛ፣ አንዷ ሠ በሰ ቦታ ሳትገባ፣ ከስር ፖ.ሳ.ቁ እና በቃል የምትያዝ አጭርዬ ስልክ ቁጥር። በተለይ የራዲዮኗን ማስታወቂያ እወዳታለሁ። አባት ሸሚዙ ተተኩሶ ሶፋ ላይ፣ እናት በነጭ ጥርሷ ራዲዮኑን ስትጠቁም፣ ሁለት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተጋድመው ሲያዳምጡ፣ ማንም አይጨቃጨቅም፣ ማንም አያስልም። እናንተም "እንዲህ ነበር ምንኖረው" ትላላችሁ። ወገኖቼ ማስታወቂያ እኮ ነው! ሁሉም ቤት ራዲዮ ቢኖር ኖሮ ማን ብሩን ከስክሶ ራዲዮ ግዙ ብሎ ያስነግራል? ከ10 ሰው 9ኙ ማንበብ በማይችልበት አገር ጋዜጣ ላይ ወጥቶ "ክቡራን ደንበኞቻችን" ሲል ማንን እየጠራ እንደነበርስ አስባችሁታል? ያንተን አያት አልነበረም፣ የኔንም አልነበረም፣ የኔ አያት በጋዜጣው በርበሬ ይጠቀለልላቸው እንደሁ እንጃ።

የ13 ወር ፀጋ ፖስተሮችማ ጉዳቸው ሌላ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ነፍሳቸውን ይማርና በ1950ዎቹ የቱሪዝሙን መስሪያ ቤት ከባዶ አቋቁመው፣ ያቺን አባባል ፈጥረው፣ ላሊበላን፣ ፋሲል ግንብን፣ ጎፈሬውን፣ የሀበሻ ቀሚሷን ቆንጆ በየአለሙ ሲያሰራጩ ሰውዬው የሚሰሩትን በደንብ ያውቁ ነበር፣ ለፈረንጅ ነው የተሰራው፣ አይቶ ጎምጅቶ ቲኬት ቆርጦ እንዲመጣ። ፈረንጁም የመጣው መጣ፣ ፎቶውን አነሳ፣ ሄደ። ይኸው ከ60 አመት በኋላ ማስታወቂያው የልቡን ደንበኛ አገኘ፣ እኛን! እዚሁ ተወልደን እዚሁ ያደግን ሰዎች ፖስተሩን እያየን "ምነው እዚህ አገር በሄድኩ" እንላለን። ቲኬት ቢሮው መዘጋቱ ነው ችግሩ። ውጪ ያሉትም አልቀረባቸውም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሀበሻ ምግብ ቤት ገብታችሁ ግድግዳው ላይ እሷው ፖስተር ካልጠበቀቻችሁ በሩ ተሳስቶባችኋል ማለት ነው።

የቤተሰብ አልበምም የራሱ ወግ አለው። እኛ ቤት ያለው አልበም ውስጥ አንድ ዘመዳችን አሉ፣ ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ ክንዳቸውን ጠርዙ የተቀረጸ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገው፣ ከጀርባቸው መጋረጃና የእብነበረድ ደረጃ። የዘመናችንን ወጣት አለባበስ ለመውቀስ ሁሌ የምናወጣው እሱን ነው። አንድ ቀን አክስቴ አየችውና ሳቋ መጣ፣ "ኮቱማ የፎቶ ቤቱ ነው" አለች። ለካ ፎቶ ቤቱ ሚስማር ላይ አንድ ኮትና ተቋጥሮ ያለቀ አንድ ክራቫት ተሰቅሎ ይውላል፣ ሰፈሩ በየተራ እየለበሰ ይነሳል። ደረጃውም ሸራ ላይ የተሳለ ነው። ሶስት ገጽ ገለጥ ስናደርግ ጎረቤታቸው ያንኑ ኮት ለብሰው ተገኙ፣ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀርቶ፣ አንዷ ቁልፍ እዛም እዚህም የለችም። ሁሉም ፎቶ ከወገብ በላይ ነው። ለምን ከወገብ በላይ እንደሆነ የአክስቴ ፊት ነግሮኛል።

አልፎ አልፎ ዘመኑን በእውነት የኖሩ ሽማግሌ ብቅ ይሉና "ልጆች፣ እኔ እዛ ነበርኩ፣ ውሃ በወረፋ ከቦኖ ነበር ምንቀዳው፣ ትኋኑ አያስተኛም ነበር፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጉልበት ይደርስ ነበር" ይላሉ። የ25 አመት ልጅ ይመልስላቸዋል፣ "ጋሼ እርስዎ ረስተውት ነው"። ሌላው "እኚህ የደርግ ካድሬ ሳይሆኑ አይቀሩም" ይጨምራል። ሽማግሌውም ይወጣሉ። የታሪክ ምስክር እንዲህ በስነስርአት ሲሸኝ ደስ ይላል።

ፒያሳ 2016 ላይ ስትፈርስም አኩርታችሁናል። ዶዘሩ ዶሮ ማነቂያን ሲያገላብጥ፣ የሰፈሩ ሰው ፍራሹንና ቡፌውን መንገድ ዳር ቆልሎ የሚጫንበት መኪና ሲጠብቅ፣ እናንተ ሳትረበሹ የ1950ዎቹን ፒያሳ በተሻለ ጥራት ለጠፋችሁልን። ምን ታደርጉ፣ ከቤቱ ፎቶው ይሻላል፣ ጣራው አያፈስም፣ ተነሺም የለበትም። በዛው ሰሞን ቦሌ አንድ ካፌ ተከፈተ፣ "ቪንቴጅ" ይላል፣ የሲንገር የልብስ ስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሆኗል፣ የማይሰራ ራዲዮ መደርደሪያ ላይ ተሰይሟል፣ የማኪያቶው ዋጋ ብቻ ነው የዘንድሮ።

አሁን ደሞ ኦሪጅናል ፎቶ ሲያልቅባችሁ ኤአይ ጀመራችሁ፣ ይሄ ነው እድገት ማለት። ትናንት ያየኋት "ፒያሳ 1955" ላይ የኬክ ቤቱ ታፔላ ከሀ እስከ ፐ በማይገኙ ፊደላት ተጽፏል፣ የግዕዝ የአጎት ልጆች ነው ሚመስሉት፣ ሲኒ የያዘችው ሴትዮ ስድስት ጣት አላት፣ የመብራት ምሰሶው ከአንድ ሰውዬ ባርኔጣ ላይ ነው የሚበቅለው። ከስር አንዱ "አባቴና እናቴ የተዋወቁት እዚህ ኬክ ቤት ነው" ብሎ ጽፏል። ሴትዮዋንም "እትዬን መሰለችኝ" ያለ አለ።

በቃ እኔም ተሸነፍኩ። ሰፈራችን ያለ ኢንተርኔት ቤት ልጁ ፎቶ ሰጥተኸው "ደጉ ዘመን" ውስጥ ያስገባሃል፣ ሄድኩ። ከኋላዬ ፒያሳን አድርግልኝ፣ ሴይቼንቶ ካለህም ጣል አድርግበት አልኩት። "1957 ይሁን?" አለኝ፣ በኛ ነው በፈረንጅ ብለው "እሱን ላይክ አድራጊው ይጨርስልሃል" አለ። ኮት የለኝም ስለው "ኮቱ ከኛ ነው"። ጫማስ?

"ከወገብ በላይ ነው ባክህ፣ ጫማ ምን ያደርግልሃል።"